አንድ አፍ፣ ሁለት ኢምፕላንት፣ ሦስት ፓኬት «ጥሩ ባክቴሪያ»

ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ቦርሳቸውን ከፈቱ። መጀመሪያ የቤት ቁልፍ ወጣ። ቀጥሎ ትንሽ የጸሎት መጽሐፍ። በመጨረሻ በመሃረብ የተጠቀለለ ነገር።

«ዶክተር ልጄ፣ ልጄ ናት ከስዊድን የላከችልኝ። ሦስት ነበር፣ አንዱን ሙሉውን ጨረስኩት። ድዴ ግን ያው ነው። ብሩሽ በነካው ቁጥር ይደማል።»

ፓኬቱን አየሁት። ፕሮባዮቲክ ነው፣ «ጥሩ ባክቴሪያ» ያለበት ክኒን። አይዋጥም፤ እንደ ከረሜላ አፍ ውስጥ ይመጠጣል። ሁለቱ ፓኬቶች ገና አልተከፈቱም።

ጊዜው የጥር መጨረሻ ነበር። ክሊኒካችን ቱሉ ዲምቱ ነው። እኚህ እናት የሚኖሩት ኮዬ ፈጨ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዕድሜያቸው 61። ስማቸውን ትቼዋለሁ። ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል፣ እንዲያውም «ጻፈው፣ ሌላው ይማርበት» ነው ያሉኝ።

ከአራት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ ሁለት ኢምፕላንት አስተክለዋል። ሁለቱም ከታች ናቸው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ የመንጋጋ ጥርስ ቦታ ላይ። ኢምፕላንት ማለት አጥንት ውስጥ የሚገባ የቲታኒየም ብሎን ነው። ላዩ ላይ ጥርስ የሚመስል ክራውን ይቀመጥበታል። ክራውኑ ግን በሁለት መንገድ ይታሰራል። አንዱ በብሎን ነው፤ ሲያስፈልግ ይፈታል። ሌላው በሲሚንቶ ይለጠፋል። የእሳቸው የግራው በብሎን፣ የቀኙ በሲሚንቶ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ቲታኒየም ከአጥንት ጋር ተዋህዶ እንደሚይዝ ለዓለም ያሳየው ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮኔማርክ ነው። የመጀመሪያ ታካሚውን ያከመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ይህን ስነግራቸው ፓኬቱን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። «ብሎኑም ከዚያ፣ ክኒኑም ከዚያ! ታዲያ አይተዋወቁም እንዴ?»

ሳቅን። ከዚያ ወደ ሥራ ገባን።

ድድ ሲደማ ብዙ ሰው ይንቀዋል። «ብሩሹ ጠንካራ ስለሆነ ነው» ይላል። ኢምፕላንት ዙሪያ ሲሆን ግን መናቅ የለበትም። የተፈጥሮ ጥርስ ከድዱና ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው በጥቃቅን ክሮች ነው። ክሮቹ የጥርሱ ሥር ውስጥ ገብተው ይተከላሉ። ኢምፕላንት ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የድዱ ክሮች ብሎኑን ታክከው ያልፋሉ እንጂ አይገቡበትም። አንዱ መሬት ውስጥ ችካል የተቸከለለት አጥር ነው፣ ሌላው ግድግዳ ተደግፎ የቆመ። ሁለቱም ይቆማሉ፤ ጎርፍ ሲመጣ ግን እኩል አይቋቋሙም። ኢምፕላንት ዙሪያ የተነሣ ብግነት ወደ አጥንቱ ለመውረድ መንገዱ አጭር ነው።

በሽታው ሁለት ደረጃ አለው። ድዱ ብቻ ሲቆጣ፣ ሲቀላና ሲደማ ፔሪ ኢምፕላንት ሙኮሳይተስ ይባላል። ከሥሩ ያለው አጥንት መበላት ሲጀምር ፔሪ ኢምፕላንታይተስ ይሆናል። የመጀመሪያው ሊድን ይችላል። ሁለተኛው አስቸጋሪ ነው፣ ቀዶ ሕክምና ድረስ ይወስዳል፣ አንዳንዴም ብሎኑ ራሱ ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ አጥንቱ ደህና ነው ወይ የሚል ነበር።

እዚህ ላይ እናትየዋን አመሰገንኳቸው። ክራውኑ የተገጠመ ዕለት የተነሡትን ራጅ በፖስታ አድርገው አስቀምጠውታል። ይህን የሚያደርግ ታካሚ እምብዛም አላጋጠመኝም። አዲስ ራጅ አነሣሁና አስተያየሁት። አጥንቱ በግራም በቀኝም ካለበት አልወረደም። እፎይ።

ከዚያ ለካሁ። በእያንዳንዱ ኢምፕላንት ዙሪያ ስድስት ቦታ ላይ ቀጭን መለኪያ በቀስታ ይገባል። በድዱና በኢምፕላንቱ መሃል ያለው ክፍተት ጥልቀቱ ይነበባል፣ መድማት አለመድማቱ ይታያል። በግራው ከስድስቱ አራቱ ደሙ፣ ጥልቁ ቦታ 5 ሚሊ ሜትር። በቀኙ ስድስቱም ደሙ፣ ጥልቁ 6 ሚሊ ሜትር። መግል የለም። የሁለቱም ክራውን ሥር በፕላክ፣ ማለትም ጥርስ ላይ በሚጣበቅ የባክቴሪያ ንብርብር፣ ተሸፍኗል። ሲጋራ አያውቁም። ስኳራቸውን አስመረመርኩ፣ ደህና ነው። ሁለቱም ሙኮሳይተስ ናቸው ብዬ ጻፍኩ።

አሁን ወደ ፓኬቱ።

ፕሮባዮቲክ የሚባለው በበቂ መጠን ሲወሰድ ለሰውነት ጥቅም የሚሰጥ በሕይወት ያለ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2001 በዚህ መልኩ ተርጉሞታል። «በሕይወት ያለ» የሚለውን አስምሩበት። እናትየዋ የያዙት ላክቶባሲለስ ሮይተሪ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2020 ስሙን ሊሞሲላክቶባሲለስ ሮይተሪ ብለው ቀይረውታል፣ ምላስ ይሰበር ብለው ይመስለኛል። በአንዷ ክኒን ውስጥ 200 ሚሊዮን ያህል አለ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ጥሩው ባክቴሪያ ቦታ ይሻማል። ሮይተሪን የሚባል ሌሎችን የሚያዳክም ንጥረ ነገር ያመነጫል። የሰውነትንም ቁጣ ያበርዳል ተብሎ ይታሰባል።

ታዲያ የመጀመሪያው ፓኬት ለምን አልሠራም?

«እናቴ፣ የት ነበር የሚያስቀምጡት?»

«ማድ ቤት። መደርደሪያው ላይ።»

«መደርደሪያው የት ጋ ነው?»

«ከምጣዱ በላይ ነዋ!»

በሳምንት ሁለቴ እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። እንፋሎቱና ሙቀቱ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል። የአዲስ አበባ ዙሪያ አየር ለእንዲህ ያለ ክኒን ተስማሚ ነው፣ ፍሪጅ እንኳ ግድ አይልም። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይበቃዋል። ምጣድ ላይ ግን ማን ይተርፋል?

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሌላም አለ። ከሰፈር ፋርማሲ ክሎርሄክሲዲን የሚባለውን መጉመጥመጫ ገዝተው ጠዋትና ማታ ይጉመጠመጡ ነበር። ተጉመጥምጠው እንዳበቁ ክኒኑን ይመጣሉ። ክሎርሄክሲዲን ባክቴሪያ ገዳይ ነው፤ የስዊድኑን ከአገሬው አይለይም። ዘር ዘርቶ ወዲያው ዶሮ መልቀቅ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ውይ በሞትኩት! በዚያ ላይ የልጄ ገንዘብ!»

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን እሳቸውም ጠየቁኝ። እርጎ አይበቃም ወይ? እንጀራውስ? እርሾ አለው አይደል?

የእንጀራው እርሾ ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩ እውነት ነው። ምጣዱ ላይ ሲጋገር ግን ያልቃል። አይብም እሳት ላይ ስለሚወጣ እንደዚያው ነው። እርጎ ውስጥ በሕይወት ያሉ አሉ። ግን ወተቱ በራሱ ጊዜ ስለሚረጋ የየቤቱ እርጎ ውስጥ ያለው የተለያየ ነው። በጥናት የተሞከረው ዝርያ ይሁን አይሁን አይታወቅም፣ አፍ ውስጥም ሳይቆይ ይዋጣል። ደግሞ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ የራሱ ጣጣ አለው፣ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈውን ብሩሴሎሲስን የመሰለ በሽታ። እርጎን እንደ ምግብ እወደዋለሁ። ለድድ መድኃኒት ብዬ ግን አላዝዝም።

ዕቅዳችን እንዲህ ሆነ። የሁለቱንም ኢምፕላንት ዙሪያ በደንብ አጸዳሁ፣ ብረቱን በማይቧጭር መሣሪያ። መጉመጥመጫውን አስቆምኩ። በጥርስ መሃል የሚገባውን ትንሽ ብሩሽ ሰጥቼ በመስታወት ፊት አለማመድኳቸው። መፋቂያም ይጠቀማሉ፣ አልከለከልኩም። መፋቂያ ፊት ለፊት ያለውን በደንብ ያጸዳል፣ ከኋላ ክራውን ሥር ግን አይደርስም።

ክኒኑንስ? የጀመሩትን ይጨርሱ ብዬ ተስማማሁ። ለጤነኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። የሰውነት መከላከያው በጣም ለተዳከመ ሰው ነው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው። ልጅቷም በስልክ «ዶክተሩ ምን አለ?» እያለች ትጠብቃለች። ሁለት ፓኬት፣ 60 ክኒን። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው። እሳቸው እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ አይቀምሱም። ስለዚህ ማታ ጥርስ ከተቦረሸ በኋላ አንድ፣ በቃ። ከመኝታ በፊት ይመጧታል፣ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ፓኬቱም ከማድ ቤት ወደ መኝታ ቤት ኮመዲኖ ተዛወረ።

ያን ዕለት አንድ ነገር ብለውኝ ነበር። ብሩሿን በቀኝ በኩል ሲሞክሩ «ይሄኛው አልገባም ይላል፣ ልጄ» አሉ። እኔ «ይለምዱታል» አልኩ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ በጾሙ እኩሌታ መጡ። ግራውን ለካሁ። የደማው አንድ ቦታ ብቻ፣ ጥልቁ 3 ሚሊ ሜትር። ድዱ ጠይም ሮዝ ሆኗል፣ ጠበቅ ብሏል። ደስ አለኝ። እሳቸውም «ይኸው! ክኒኑ ሠራ!» አሉ።

ወደ ቀኝ ዞርኩ። ከስድስቱ አምስቱ ይደማሉ። ጥልቁ አሁንም 6።

ጉድ ነው። አፉ አንድ፣ ምራቁ አንድ፣ ክኒኑ አንድ። ማታ ማታ የተመጠጠው ሮይተሪ በግራ በኩል ብቻ አልዋለም። ክኒኑ ለሁለቱም እኩል ደርሷል። ታዲያ ለምን አንዱ ዳነ፣ አንዱ እምቢ አለ?

እስቲ ቦርሹልኝ አልኩ፣ እያየሁ። ግራው ላይ ብሩሿ በክራውኑ ሥር ሹልክ ብላ ትወጣለች። ቀኙ ላይ ትገባና ትታጠፋለች። በመጀመሪያው ቀን ነግረውኛል እኮ! ክራውኑ ሰፊ ነው፤ ሥሩ ደግሞ ድዱ ላይ እንደ ጣሪያ ክፈፍ ተንጠልጥሏል። ከክፈፉ በታች ያለው ጓዳ በማንም አይጸዳም፣ በእሳቸውም በእኔም። በሲሚንቶ የተለጠፈ ክራውን ሲሆን ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ አለ። በሚለጠፍበት ጊዜ የተረፈው ሲሚንቶ ድዱ ሥር ተጨምቆ ሊቀር ይችላል። ይህ ለኢምፕላንት ብግነት የታወቀ ምክንያት ነው። ራጅ ላይም ሁልጊዜ አይታይም፣ በተለይ በጉንጭ ወይም በምላስ በኩል ከሆነ። እኔ ራጁ ንጹሕ መሆኑን አይቼ ዝም ብዬ ነበር። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው፤ ስለ ምጣዱና ስለ ክኒኑ ስንነጋገር ችግሩ ክራውኑ ሥር ተቀምጦ ይስቅብናል።

ክራውኑ መውጣት አለበት አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ወጪውን አሰቡ፣ ከዚያ ጾሙን። «ከፋሲካ በኋላ ይሁን። ሕማማት ሳይመጣ ጥርስ አታስፈታኝ።» አጥንቱ ደህና ስለሆነ መጠበቅ ይቻላል። ተስማማን። እስከዚያው ክኒኑን ቀጠሉ፣ መጋቢት ማብቂያ ላይ አለቀ።

ይህ መዘግየት ሳናስበው አንድ ነገር አሳየን። ከፋሲካ በኋላ ሲመጡ 60ውም ክኒን ተመጥጦ አልቋል፣ በትክክል ተቀምጦ፣ ያለ መጉመጥመጫ። ቀኙን ለካሁ። ያው አምስት ቦታ ይደማል፣ ያው 6 ሚሊ ሜትር። ግራው ደህና እንደሆነ ነው።

ክራውኑን በትንሹ በስቼ፣ እሱ የተለጠፈበትን ምሰሶ ከኢምፕላንቱ ጋር የሚያስረውን ትንሽ ብሎን አገኘሁና ፈታሁት። በምላስ በኩል፣ ድዱ ሥር፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል የደረቀች ሲሚንቶ ተጣብቃለች። አራት ዓመት ሙሉ። በመሣሪያ ጫፍ አንሥቼ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ብዙ ጊዜ አዩዋት። «ይቺ ናት እንቅልፍ የነሣችኝ?»

ዙሪያውን አጸዳሁ። ክራውኑን ወደ ጥርስ ላብራቶሪ ላክነው፣ ክፈፉ ተሞርዶ ሥሩ ቀና እንዲልና እንዲለሰልስ። የበሳሁት ቀዳዳ ጠቀመን፤ ክራውኑ ከእንግዲህ በብሎን የሚታሰር ሆነ። ምሰሶው ላይ ከአፍ ውጭ በሲሚንቶ ተለጥፎ፣ ተርፎ የወጣው ሁሉ ተጠርጎ ነው የተገጠመው። ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሲገጠም መጀመሪያ ያደረግነው ብሩሿን ማሳለፍ ነበር። አለፈች።

ሐምሌ ላይ፣ በዝናብ፣ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ከኮዬ ፈጨ እስከ እኛ ያለው መንገድ ክረምት ላይ ምን እንደሚመስል ለሰፈሩ ሰው አልነግርም። ቀኙን ለካሁ። የደማው አንድ ቦታ፣ ጥልቁ 4 ሚሊ ሜትር። ግራው ምንም አልደማም። ራጁ ላይ አጥንቱ ባለበት ነው። ክኒን ካቆሙ ሦስት ወር አልፏል።

ታዲያ ፕሮባዮቲክ ከንቱ ነው ልበል? አልልም። በዚህ አንድ አፍ ያየሁት ያን አያስብለኝም። ግራው ሲድን ማጽዳቱም፣ አዲሷ ብሩሽም፣ ክኒኑም በአንድ ጊዜ ነበሩ። የትኛው ምን ያህል እንደሠራ መለየት አልችልም። የማውቀው የቀኙን ነው፤ ክኒኑ እያለ አልዳነም፣ ክኒኑ ሳይኖር ዳነ።

በውጭ የተሠሩት ጥናቶችም አንድ ቃል አይናገሩም። እ.ኤ.አ. በ2016 ስዊድን ውስጥ 49 የሙኮሳይተስ ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ሁሉም ተጸዳላቸው፤ ገሚሱ ይህን ባክቴሪያ ወሰደ፣ ገሚሱ ባዶ ክኒን። ሁለቱም ወገን ተሻለው፣ ልዩነት ግን አልታየም። እ.ኤ.አ. በ2018 ስፔን ውስጥ 44 ታካሚዎች ላይ በተሠራው ደግሞ ለ30 ቀን አንድ አንድ ክኒን የወሰዱት መድማቱና ጥልቀቱ የተሻለ ቀንሶላቸዋል። በባክቴሪያዎቹ ላይ የታየው ለውጥ ግን ትንሽ ነው። የአውሮፓ የድድ ሕክምና ማኅበራት ፌዴሬሽን በ2023 ያወጣው መመሪያ ዋናውን ቦታ የሰጠው ለማጽዳትና ለታካሚው የዕለት ንጽሕና ነው። ፕሮባዮቲክን የሕክምናው መደበኛ አካል አላደረገውም። በሁለቱም ጥናቶች ውስጥ ልብ በሉ፣ ክኒኑ ብቻውን የተሰጠው ሰው የለም። ሁሉም መጀመሪያ ተጸዳ። የእናትየዋ የመጀመሪያ ወር ግን ያለ ማጽዳት ነበር። ባክቴሪያ ደረቅ ሲሚንቶ አይቆረጥምም።

እኔን የሚያሳስበኝ የክኒኑ መሥራት አለመሥራት አይደለም። እናትየዋ አንድ ወር ሙሉ እየደማ ቤት የተቀመጡት ክኒኑን ተማምነው ነው። አጥንቱ በዚያ ወር መውረድ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ሌላ ጽሑፍ ይሆን ነበር። ክኒን የሚልክ ልጅ ይባረክ፤ ግን ከክኒኑ በፊት አንድ ሰው አፋቸውን ከፍቶ ቢያይ ጥሩ ነበር።

ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ እንደተፈታ፣ ስልክ ደወሉልኝ።

«ዶክተር ልጄ፣ ልጄ ለእንቁጣጣሽ ልትመጣ ነው። ያን ክኒን ላምጣ ወይ ትላለች። ምን ልበላት?»

«የእኔን ልንገርዎት?»

«ንገረኛ!»

«ያቺን ትንሽ ብሩሽ ታምጣ። እዚህ ሰፈር ፋርማሲ አጥተናታል።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከጀርባቸው ምጣዱ ክዳን ሲነሣ ይሰማኛል።

«ስንት ትያዝ?»